የተቀያየሩት ማኅደሮች

በደርግ ጊዜ ነቀምቴ ውስጥ የቀበሌያችን ወጣቶች ክበብ ጸሐፊ ነበርኩ። የእግር ኳሱም የቲያትሩም ማኅደር በአንድ ቁም ሳጥን ስለሚቀመጥና ሁሉም እንዳሻው ስለሚከፍተው፣ ሥርዓት ማስያዙ የእኔ ራስ ምታት ነበር። አንድ ጠዋት ስለ ተጣሉ ባልና ሚስት የጻፍኩትን ቲያትር ለልምምድ ላወጣ ማኅደሩን ብከፍት የኳስ ተጫዋቾቹ መታወቂያ ዱብ ዱብ አለ። ቡድኑ ደግሞ የቲያትሩን ወረቀት የያዘውን ማኅደር ይዞ ለግጥሚያ ወደ ጊዳ አያና ወጥቷል። ያለ መታወቂያ አያጫውቷቸውም፤ እኔም ከዚያ ቲያትር ሌላ ቅጂ የለኝም።

በጭነት መኪና ተሳፍሬ ተከተልኳቸው። መንገድ ላይ ኡኬ ከተማ ስደርስ ሻይ ቤት ደጅ ሰው ተሰብስቦ ይስቃል። ጠጋ ስል የቡድኑ በረኛ ገመቹ መሀል ቆሞ ቲያትሬን በኦሮምኛ እያዋዛ ያነባል። የቀበሌ ሹሞቻችን እኮ አንብበውት ፈገግ እንኳ አላሉም ነበር! «ገመቹ፣ ማኅደሩ ተቀያይሯል። መታወቂያችሁ ይኸው፤ ያንን ስጠኝ» ብዬ እጄን ስዘረጋ፣ የሻይ ቤቱ ባለቤት አዴ በቀሉ ትከሻዬን ያዙኝ። «ታኢ! ተቀመጥ ልጄ፤ ባልና ሚስቱ ሳይታረቁ ወረቀቱን የትም አትወስድም» አሉኝ። የቡድኑ ሾፌርም ያስነሳውን ሞተር መልሶ አጠፋ። እኔም ሻዬን ይዤ ተቀመጥኩና፣ የገዛ ቲያትሬን መጨረሻ እንደ ማንም እንግዳ እየሳቅኩ ሰማሁት።