ሰላምታ የነሳኋቸው ጎረቤቴ

ከአምቦ ጉደር ሚኒባስ ስነዳ የማያውቀኝ ሰው የለም። አንድ እሁድ ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ መጡና ገና «አካም» ብለው ሰላም እንኳ ሳይሉኝ ተቆጡ። «ትናንት መንገድ ዳር ቆሜ እጄን ባውለበልብ ዘግተኸኝ አለፍክ። እንዲህ የምትኮራብኝ ምን በድዬህ ነው?»

ማርያምን አላየኋቸውም። የዓይን ሐኪሙ «ግላኮማ ነው፤ ዕይታህን ከዳር ከዳር እያጠፋብህ ነው፤ የጠፋው አይመለስም፤ መኪና ይቅርብህ» ካለኝ ግን ሦስት ወር ሆኖኛል። ፊት ለፊቱ ጥርት ብሎ ስለሚታየኝ፣ መንገዱንም በቃሌ ስለማውቀው፣ ለሚስቴ እንኳ ሳልተነፍስ መንዳቴን ቀጥዬ ነበር። ኩሩ ከምባል ብዬ ለእሳቸው ነገርኳቸው።

ቁጣቸው በአንዴ ጠፋ። ከጎኔ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው፣ «ለሊሴ እኮ ኮሌጅ የምትመላለሰው በአንተ መኪና ነው» አሉኝ። ልጃቸው ናት። አንገቴን ደፋሁ።

«ቁልፉን አምጣ» አሉ።

ከኪሴ አውጥቼ ወደ ፊት ዘረጋሁት። የሚቀበለኝ ግን ጠፋ።

«እጅዎን ይዘርጉ እንጂ ኦቦ» አልኳቸው።

ድምፃቸው ከጎኔ መጣ፤ «ከዘረጋሁት ቆየሁ እኮ፣ ልጄ።»