ሂተር ላይ ያስቀመጥኩት የሆርሄ ሸክላ

በኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ጎረቤቱ ሐዘን ተቀምጦ ሬዲዮ የከፈተ ሰው ዕድር ፊት ይቆም ነበር። ተይ አትሳቂ! ስልክሽ እየቀዳ ነው? ጥሩ። ታዲያ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ እዚህ ለንደን ስመጣ ይህን ልማዴን ይዤ ነው የመጣሁት። ብሪክስተን የሚባል ሰፈር ካውንስሉ፣ ያው ቀበሌያቸው በይው፣ ፍላት ሲሰጠኝ ጎረቤቴ ሆርሄ የሚባል የኡራጓይ ሽማግሌ ነበር፣ እና ሚስቱ ኤልሳ፣ እና ደጎች፣ ምን ልበልሽ፣ ደጎች!

ታዲያ ኤልሳ ሞተች። ንፍሮዬን ቀቅዬ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ብገባ ቤቱ በከበሮና በጊታር ይናጋል! ሆርሄ ሸክላ ማጫወቻው ሥር ቁጭ ብሏል።

"ኧረ በስመ አብ! ገና ሳትቀበር!" አልኩና መርፌውን አነሳሁት።

"ኖ፣ ኖ፣ ሙሉ!" ይለኛል ስሜን ጠርቶ።

"ዝም በል፣ ሐዘን አዙሮብህ ነው" ብዬ ሸክላውን ከነሽፋኑ ይዤ ወደ ቤቴ። ሐዘንተኛ ምን ያውቃል? ጎረቤት ነው የሚያስብለት፣ አይደል? ወስጄ ሂተሩ፣ ያው የቤት ማሞቂያው፣ ላይ አስቀመጥኩት።

ሦስት ቀን ምግብ አመላለስኩለት፣ ሦስት ቀን አልነካም። በሦስተኛው ቀን እጄን ይዞ፣ በዚያች በሁለታችንም ስብርባሪ እንግሊዝኛ፣ "ሙሉ፣ የወሰድሽው ሁለተኛው አልበማችን ነው" አለኝ። ለካ በጉብዝናው ከበሮ መቺ ኖሯል! ፀጉራቸውን ግንባራቸው ላይ ደፍተው፣ እንዲህ አንገታቸውን እየነቀነቁ "የ፣ የ፣ የ!" የሚሉ የአራት ጎረምሶች ባንድ። የመጀመሪያው አልበም ተወደደላቸው፣ እና ሁለተኛው ላይ ኤልሳን አዘፈኗት፣ እና ሰው አልገዛውም፣ እና ባንዱ ፈረሰ፣ እና እሷ ከዚያ ወዲያ ዘፍናም አታውቅ።

"ድምጿ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው፣ ሌላ የለኝም" አለኝ።

ወይኔ ልጄ! ሮጬ ሄጄ ከሂተሩ ላይ ባነሳው፣ ሙቀቱ ዳር ዳሩን አጣሞታል። እንዳለ አመጣሁለት። ከእጄ ተቀበለኝ። መርፌውን አሳረፈው፣ መርፌው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ እና ድምጿ ወጣ፣ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ይሰበራል። እኔ መሬት ላይ ተዘርፍጬ "ገደልኳት፣ ዳግመኛ ገደልኳት" እያልኩ አለቅሳለሁ።

"እና ይቅር አሉዎት፣ እማማ?"

እሱማ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ምን አለኝ መሰለሽ? "ሙሉ፣ ይህን ስትዘፍን የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች። እኔን የናፈቀችኝ ግን አሮጊቷ ናት። አሁን እኮ ድምጿ ሲንቀጠቀጥ እሷን መሰለች" አለኝ፣ እና እንባው እየወረደ ፈገግ ብሎ፣ "አንዴ ልድገመው?" አለኝ። ድገመው እንጂ ምን እላለሁ፣ ልጄ!