ምሕረት የለመነው ማውስ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ሩት ማዕረግ ወልደሰንበት
ዕድሜ፦ 36
ሥራ፦ ማመልከቻ ጸሐፊ
አድራሻ፦ አምቦ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሰኞ ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም፣ ከረፋዱ 4፡30
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን ዋቅቶላ ጉዴ
ቃሉ የተመዘገበበት ቋንቋ፦ ምስክሯ በጠየቀችው መሠረት አማርኛ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር ማንም ሳይጠራኝ በገዛ እግሬ ወደ ጣቢያው መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰውን ቃል ስጽፍ ኖሬ የራሴን ቃል ሌላ ሰው ሲጽፍልኝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ምክትል ሳጅን ዋቅቶላ በሁለት ጣት የሚጽፉ በመሆናቸው ቀስ ብዬ እንድናገር አሳስበውኛል። እሺ ብያለሁ፤ ተፈጥሮዬ ስላልሆነ ግን ቃል አልገባም።

የመጣሁት ስለ ጋሼ ሙሂዲን ነው። ጋሼ ሙሂዲን ቅዳሜ በማታለል ተጠርጥረው ተይዘው በዋስ ወጥተዋል፤ ዛሬም ለምርመራ ተጠርተው ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሱቃቸው ሁለት ቀን ተዘግቷል፤ በከተማውም ስማቸው እየተነሳ ነው። እሳቸው ምንም ጥፋት የለባቸውም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንዴት የእኔ እንደሆነ ከሥሩ አስረዳለሁ።

ጋሼ ሙሂዲን ከእኔ ቢሮ ሦስት በር አለፍ ብሎ የሞባይልና የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ አላቸው። ሐሙስ ጥቅምት 17 ቀን 2015 ዓ.ም ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አንድ ጥቁር ማውስ በካርቶኑ ይዘው መጡ። ማውሱ ገመድ አልባ ሲሆን በአውራ ጣት በኩል ጎኑ ላይ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ቁጥር የተጻፈባቸው ትንንሽ ቁልፎች አሉት። እያንዳንዷን ቁልፍ የፈለጉትን ሥራ ማስያዝ ይቻላል፤ የተሠራው ለጌም ተጫዋቾች ነው። ጋሼ ሙሂዲን ከመርካቶ ለናሙና ያመጡት አንዱን ብቻ ነበር፤ ጥሩ ከሆነ ሊጨምሩ፣ ካልሆነ ሊተዉት ነው። እሳቸው ኮምፒውተር ይሸጣሉ እንጂ አይነኩም፣ ይህን ራሳቸውም አይክዱም። ‹‹አንቺ ቀኑን ሙሉ ከማውስ ጋር ነሽ፤ ሞክሪውና ክፉውንም ደጉንም ሳትደብቂ ጻፊልኝ፤ ደንበኛ ዋሽቼ አላውቅም›› አሉኝ። እኔም ተረከብኩ።

ስምንት ቀን ሞክሬዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ለጠላቴም አይስጠው። ክብደቱ የሁለት እንቁላል ያህል በመሆኑ እጅ አያደክምም፤ ግን አውራ ጣቴ አምስተኛዋን ስፈልግ ሰባተኛዋ ላይ እያረፈ አስቸገረኝ። የጠረጴዛዬ ፊት መስታወት ስለሆነ ማውሱ ከቦታ ቦታ ይዘል ነበር፤ ያምናውን ካላንደር ሳነጥፍለት አደብ ገዛ። ከውስጡ የሚበራው መብራት ቀለሙን እየለዋወጠ ባለጉዳይ ያስደነግጣል። ለመሬት ክርክር የመጡ አንድ አባት ‹‹ይሄ ነገር እየቀዳን ነው?›› ብለው ንግግራቸውን አቋርጠው ወጥተው ነበር፤ ከበር ለምኜ መለስኳቸው። ቻርጁ ግን አራት ቀን ይይዛል። መብራት እንደ እንግዳ በሚመጣበት ሰፈራችን በላፕቶፕ ለምሠራ ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በሦስተኛው ቀን አመሌ ተነሳ። ማመልከቻ ስሙና ጉዳዩ ይለያያል እንጂ መግቢያውና መውጫው አንድ ነው። እና ለምን ደጋግሜ እጽፋለሁ ብዬ በየቁልፉ ላይ አንዳንድ መስመር አስያዝኩ። በመጀመሪያዋ ላይ ‹‹ለተከበረው ፍርድ ቤት››ን፣ በአሥራ ሁለተኛዋ ላይ የእውነት ማረጋገጫዬን፣ በሰባተኛዋ ላይ ደግሞ የተቀጡ ሾፌሮች የሚወዷትን የምሕረት መስመር። ሰባተኛዋ ስትነካ አዲስ መስመር ትከፍታለች፣ ‹‹ክቡርነትዎ ምሕረት እንዲያደርጉልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ›› ብላ ትጽፋለች፣ ጨርሳ ወደ ሌላ መስመር ትወርዳለች። ሃያ ደቂቃ ይፈጅብኝ የነበረ ማመልከቻ በሰባት ደቂቃ ማለቅ ጀመረ። እውነቱን ለመናገር ወደድኩት፤ መመለሱም ከብዶኝ ነበር።

ዓርብ ጥቅምት 25 ቀን ያስያዝኩትን ሁሉ ከኮምፒውተሬ አጠፋሁ። በእኔ ሥራ ከኮምፒውተር የጠፋ ጽሑፍ ጠፋ ነው፤ በዚህ ምክንያት ስንቱ ባለጉዳይ አልቅሶብኛል። ማውሱ ያስያዙትን ነገር ራሱ ውስጥ እንደሚያስቀምጥ አላወቅኩም። ይህ በካርቶኑ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር፤ ወረቀቱን ግን አላነበብኩትም። ሰውን ሁሉ ‹‹ሳታነቡ አትፈርሙ›› እያልኩ የምቆጣ ሴትዮ ይህን ማድረጌ ያሳፍረኛል። ከዚያም የግምገማ ጽሑፍ በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ ለማውሱ ከአሥር ዘጠኝ ሰጠሁት፤ አንዱን የቀነስኩት ለመብራቱ ነው። በመጨረሻው መስመር ላይ ‹‹ቁልፎቹ ሁሉ ጸድተዋል፣ ማንም ሊሠራበት ይችላል›› ብዬ ፈረምኩ። ማኅተሜንም መታሁበት። ጋሼ ሙሂዲን ሳያነቡ አመኑኝ።

ሰኞ ጥቅምት 28 ቀን ማውሱን የገዛው የጌም ቤት ባለቤት የሆነው ወንድወሰን ነው። ጋሼ ሙሂዲን ‹‹ይሄ ሩት ጋ ስምንት ቀን ተሞክሯል፣ አዲስ ነው አልልህም፣ ወረቀቷ ይኸው›› ሲሉት ሱቃቸው በር ላይ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወንድወሰን ማውሱን የፈለገው ለኢዮሲያስ ነው። ኢዮሲያስ የአምቦ ቡድን አለቃ ሲሆን በሰፈራችን እንደሱ የሚተኩስ የለም፤ በኮምፒውተር ማለቴ ነው። እሱም ከአንድ እስከ ስድስት ያሉትን ቁልፎች ብቻ መሣሪያ መቀየሪያ አደረጋቸው። የቀሩትን አልነካቸውም።

ረቡዕ ኅዳር 7 ቀን ወንድወሰንና የጎረቤታችን የጌዶ ከተማ ቡድን አለቃ በድሉ ለቅዳሜው የጌም ግጥሚያ ውል ሊያጽፉ ወደ እኔ መጡ። ውል ያስፈለጋቸው አምና ጌዶ ላይ ሲጋጠሙ ከሚሸነፉት አንዱ ሶኬት ነቅሎ መብራት ጠፋ ብሎ ስለማለና ጠቡ ወር ስለቆየ ነው። ስለዚህ በአንቀጽ አራት፣ ኮምፒውተር ቢጠፋ ጨዋታው ይደገማል፣ መሸነፍ የሚቆጠረው ግን ከተጋጣሚዎቹ አንዱ በጨዋታው የመልእክት መስኮት ላይ በጽሑፍ ምሕረት ሲጠይቅ ነው ብዬ አረቀቅኩ። ይህን አንቀጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በጣምም ኮርቼበት ነበር። ሽልማቱ ሁለቱ ቡድኖች በጋራ ከጌዶ ገበያ የገዙት ሙክት ነው። ሙክቱ አሁን በጣቢያው ግቢ ታስሮ ይጮኻል፤ ቃሌን ሁለት ጊዜ እንዳቋርጥ አድርጎኛል።

ቅዳሜ ኅዳር 10 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ በወንድወሰን ጌም ቤት ተገኝቻለሁ። እስከ 10 ሰዓት ከሩብ ሁለት ለሁለት ሆኑ። በመጨረሻው ዙር ከአምቦ ኢዮሲያስ፣ ከጌዶ በድሉ ብቻ ቀሩ። በድሉ ጥይት ጨርሶ ከግድግዳ ጀርባ ተደብቋል። ኢዮሲያስ ወደ እሱ ሲዞር አውራ ጣቱ አምስተኛዋን ስቶ ሰባተኛዋ ላይ አረፈ። በጌሙ መልእክት የሚከፈተውም የሚላከውም በአዲስ መስመር ቁልፍ ስለሆነ የመልእክት መስኮቱ ተከፈተ፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ እየሮጠ ወጣ፣ ራሱን በራሱ ላከ። በድሉ ከወንበሩ ተነስቶ ‹‹ክቡርነትዎ ምሕረት እንዲያደርጉልኝ…›› ብሎ ጮክ ብሎ አነበበው። ቀጥሎም ጎንበስ ብሎ ‹‹አድርጌያለሁ›› አለ። ጌዶዎች በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ፤ ኢዮሲያስ ግን እጁን እያየ ቀረ። እኔ መስመሯን ገና በመጀመሪያው ቃል አወቅኳት።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደሚታወቀው ነው። ጌዶዎች ሙክቱን ሚኒባስ ላይ ሊጭኑ፣ አምቦዎች ሊያስወርዱ፣ ሙክቱ መሐል ሆኖ ተጎተተ። ወንድወሰን የጋሼ ሙሂዲን ባለቤት ወይዘሮ ከሪማ የጌዶ ልጅ መሆናቸውን አስታወሰ። ‹‹ሙሂዲን ከአማቾቹ ጋር ተማክሮ ማውሱን አስተካክሎ ሸጠልኝ›› ብሎ ጮኸ፤ ሰውም ተቀበለው። ፖሊስ መጥቶ ማውሱን፣ ሙክቱንና ጋሼ ሙሂዲንን ይዞ ሄደ። ጋሼ ሙሂዲን ሲያልፉ አዩኝ፤ ስሜን ግን ለፖሊስ አልጠሩም። የተሸጠውን ማውስ ማን እንደሞከረው ረስተውት አይደለም፤ እኔው ራሴ እንድናገር ጠብቀውኝ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ለምን ዝም እንዳልኩ ተጠይቄ የምሰጠው መልስ ፈራሁ የሚል ነው። ያ ሁሉ ሰው ሲስቅ በእኔ ላይ እንዳይዞር ፈራሁ። ማኅተሜ ያረፈበት ወረቀት ውሸት ሆኖ ከተገኘ ነገ ማን ማመልከቻ ያጽፈኛል ብዬ ፈራሁ። እሑድን ሙሉ ነገ ይጣራል እያልኩ ራሴን ስሸነግል ዋልኩ።

ዛሬ ከጠዋቱ 2፡30 ላይ ወይዘሮ ከሪማ ቢሮዬ መጡ። ‹‹አከም ቡልቴ›› ብለው እንዴት አደርሽ አሉኝ፤ ዘወትር ሲስቁ የማውቃቸው ሴትዮ ዛሬ አልሳቁም። ስለ ባላቸው ጉዳይ ለጣቢያው አዛዥ የሚሰጥ ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ፈለጉ። ‹‹ያቺን ጥሩዋን መስመር አስገቢልኝ፣ ምሕረት የምትለዋን›› አሉ። መጻፍ ጀምሬ እዚያች መስመር ላይ ስደርስ እጄ አልሄደልኝም። እኔ ላጠፋሁት ጥፋት እሳቸውን ምሕረት ላስለምናቸው ነው? አለቀስኩ፤ ሁሉንም ለወይዘሮ ከሪማ ነገርኳቸው። እሳቸውም ‹‹እንግዲያው ተነሺ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?›› አሉኝና ቢሮዬን አብረን ዘግተን መጣን።

ጋሼ ሙሂዲን ከዚህ ነገር የሚያገኙት ጥቅም እንደሌለ ለማስረዳት አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱም ቡድን ውስጥ ያሉት ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሙክቱን የሚያርዱትም እነሱ ናቸው። ጋሼ ሙሂዲን የክርስቲያን ሥጋ አይበሉም። ጌዶ ቢያሸንፍ አምቦ ቢያሸንፍ ከዚህ ሙክት አንዲት ጎድን አትደርሳቸውም። ለማይቀምሱት ሙክት ብለው የሠላሳ ዓመት ስማቸውን የሚሸጡ ሰው አይደሉም። ይህን ስናገር ምክትል ሳጅን ዋቅቶላ መጻፋቸውን አቁመው ትንሽ አስበው ‹‹ልክ ነው›› ብለዋል።

ቃሌ እውነት መሆኑ እንዲረጋገጥ በኤግዚቢትነት የተያዘው ማውስ በፊቴ እንዲሞከር ጠየቅኩ። ጋሼ ሙሂዲን ከኮሪደሩ ተጠርተው ገቡ። ምክትል ሳጅኑ ማውሱን ከፖስታው አውጥተው ትንሿን ተሰኪ ይህ ቃል በሚጻፍበት ኮምፒውተር ላይ ሰኩና ሰባተኛዋን ቁልፍ ተጫኑ። የአማርኛ መጻፊያው ክፍት ስለነበር በራሳችን ፊደል የሚከተለው ወጣ፦

ክቡርነትዎ ምሕረት እንዲያደርጉልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ

ጋሼ ሙሂዲን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ‹‹ወይ ሩቴ፣ በዚህች መስመር ስንቱን ሾፌር አስለመንሽ›› አሉኝ። ከመርካቶ ሌላ ማውስ እንደሚጨምሩ፣ የእኔ ግምገማ ላይ ግን ‹‹ይህ ማውስ የጻፉበትን አይረሳም›› የሚል አንድ መስመር እንድጨምር ነገሩኝ። ምክትል ሳጅኑ ከላይ የወጣችውን መስመር ከቃሌ ውስጥ ሊሰርዟት ነበር። እንዳይሰርዟት ለምኛለሁ፤ አሁን ምሕረት የምጠይቀው እኔ ስለሆንኩ፣ የምጠይቀውም ጋሼ ሙሂዲንን ስለሆነ መስመሯ እንዳለች ትቀመጥልኝ።

ስለ ሙክቱ የምለው ካለ ተጠይቄ፣ ረቡዕ ጾም ነው፣ ሐሙስ የነቢያት ጾም ይገባል፣ ነገ ማክሰኞ ካልታረደ እስከ ገና ጣቢያው ሊቀልበው ነው ብያለሁ። በገመድ ማውስ ነገ ጠዋት የመጨረሻው ዙር ቢደገም ኢዮሲያስም በድሉም እንደሚስማሙ እዚሁ በር ላይ ነግረውኛል። ከእንግዲህ ወዲያ ማውስ ስገመግም የካርቶኑን ወረቀት አነባለሁ።

የማረጋገጫውን ቃል ምክትል ሳጅኑ በሁለት ጣት ከሚለፉበት አሥራ ሁለተኛዋን ቁልፍ ይጫኗት ብዬ በጠየቅኩት መሠረት ተጭነዋታል፦

ከላይ የሰፈረው ሁሉ ከራሴ አንደበት የወጣ ነው። አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰበትም። ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ለሚደርስብኝ ሁሉ በራሴ ስም እቆማለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ሩት ማዕረግ
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ም/ሳጅን ዋቅቶላ ጉዴ
ሙከራውን ያየ፦ ሙሂዲን አብዱልናስር

(ከሰባተኛዋ ቁልፍ መስመር ትይዩ፣ በወረቀቱ ኅዳግ ላይ፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ፦ ‹‹እንደ ጥያቄዋ ምሕረቱ ተፈቅዷል። ሙሂዲን።››)