ማግኔት የሆነው እንክብል

(በአንድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ፣ ረፋዱ ላይ፤ ነገ የማስተርስ ጽሑፏን የምታቀርበው ትርሲትና የቤተ ሙከራው ዕቃ ቤት ኃላፊ ጋሽ ባይሳ፣ ቁልፍ አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ፣ ማግኔትነትን የሚለካው ማሽን አጠገብ ቆመው።)

ትርሲት፦ ጋሽ ባይሳ፣ ፊርማ እኮ ነው የጠየቅኩዎ፤ ርስት አይደለም!

ጋሽ ባይሳ፦ ርስቴንማ ባገኘው እሰጥሽ ነበር። “ልኬቱ ትክክል ነው” ብዬ የምፈርመው ግን ሳምንበት ነው።

ትርሲት፦ ግራፉን አዩት አይደል? ዚንክ ኦክሳይድ ላይ ትንሽ ኮባልት ጨመርኩ፤ ነጩ ዱቄት አረንጓዴ ሆነ፣ ብርሃን መጠጣት ጀመረ፣ በዚያ ላይ ማግኔት ሆነ! ማግኔት የሆነ ሰሚኮንዳክተር፣ ሁለት ሙያ ከዱቄቱ በጨመቅኩት አንድ እንክብል! ነገ ፈታኞቼን አፍ የማስይዘው በዚህ ነው።

ጋሽ ባይሳ፦ ኮባልት የሌለበትን ነጩን እንክብልስ ለክተሽዋል?

ትርሲት፦ እሱ ደግሞ ምን ይለካል? ማግኔት እንዳልሆነ የታወቀ ነው።

ጋሽ ባይሳ፦ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ማሽኑ ክፍት ነው፣ አስገቢው።

ትርሲት፦ ደስ ይበልዎት፣ ይኸው ገባ። አሁን የግራፉ መስመር ቀጥ ብሎ… እንዴ!

ጋሽ ባይሳ፦ ምነው ደነገጥሽ?

ትርሲት፦ ነጩም ማግኔት ሆነ።

ጋሽ ባይሳ፦ ኮባልት ሳይቀምስ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉሻል ይሄ ነው። እንክብሉን በምን አነሳሽው?

ትርሲት፦ በወረንጦ።

ጋሽ ባይሳ፦ በብረቱ! ሲነካው ይፋቅበታላ። ይሄ ማሽን ደግሞ ለዓይን የማትታይ የብረት ብናኝ እንኳ አታመልጠውም። ማግኔቱ የወረንጦው ነው፣ ልጄ።

ትርሲት፦ ሁለት ዓመት የለፋሁበት! አሁን ቁጭ ብዬ ባለቅስ ደስ ይለኛል።

ጋሽ ባይሳ፦ ቆይ፣ ብርሃን መጠጣቱስ?

ትርሲት፦ እሱን የሚለካው ሌላ ማሽን ነው፤ ብናኝ አያታልለውም። አረንጓዴው አረንጓዴ ነው።

ጋሽ ባይሳ፦ በይ ግማሹ ተርፎልሻል። ግን የፕላስቲክ ወረንጦ እያለ በብረት ማንሳት ምን የሚሉት ነው?

ትርሲት፦ የትኛው ፕላስቲክ?

ጋሽ ባይሳ፦ አምና የመጣው አዲሱ ነዋ።

ትርሲት፦ ሦስት ጊዜ ለምኜዎ “ለተማሪ ከሰጠሁት ይጠፋል” ብለው የቆለፉበት?

ጋሽ ባይሳ፦ እ… እሱ እንኳ አልጠፋም። እስካሁን ከነላስቲኩ ነው።

ትርሲት፦ እንግዲህ ማግኔቱን ከጽሑፌ አወጣዋለሁ። ፈታኞቹ ግን ያወጣሁበትን ምክንያት ስነግራቸው “ለምን በብረት አነሳሽው?” ማለታቸው አይቀርም።

ጋሽ ባይሳ፦ ምን ልትያቸው ነው?

ትርሲት፦ እርስዎ አምነው የሚፈርሙበትን እውነት! ብዕርዎን ያውጡ።

ጋሽ ባይሳ፦ ብዕሩ ይቆየን። እንቺ ቁልፉን፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም።