የሚያጉረመርሙት አራት ጎማዎች

ጎማዎቹ ከመቀየራቸው በፊት ሁኔታው እንዲህ ነበር። አራቱም ስድስት ዓመት አልፏቸዋል፤ የቀረው ጥርስ ከሁለት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የተሠሩት ለጭቃና ለኮረኮንች ነው፤ ጥርሳቸው ሰፋፊና የተራራቀ። በሰዓት ሰማንያ ኪሎ ሜትር ሲነዳ መኪናው ውስጥ የሚሰማው ድምፅ በመለኪያዬ ሰባ ስምንት ዴሲብል ነበር።

መኪናዋ ከፍ ያለች፣ ባለ ሰባት ወንበር የቤተሰብ መኪና ናት። ባለቤቷ ጎረቤቴ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ “ጋሼ ጋቢና” ይላቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚስታቸው ከእትዬ ጋር ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ነድተው ልጃቸውን ይጠይቃሉ፤ እህቴም እዚያው ስለምትኖር አብሬያቸው እሄዳለሁ። ዕድሜዬን ሚዛንና መለኪያ ስመረምር ስለኖርኩ የማየውንና የምሰማውን መቁጠር አልተውኩም። አንድ ቅዳሜ እትዬ በመንገዱ ሁሉ የተናገሩት አራት ጊዜ ብቻ ነው።

ጋሼም ይህ አልጠፋቸውም። ስንመለስ በራፍ ላይ ያዝ አደረጉኝና፣ “ድሮ ጋቢና ውስጥ አፏ አይዘጋም ነበር፤ አሁን መኪና ከገባች ዝም ነው። በምን እንዳስቀየምኳት እንጃ። በአርባ አንድ ዓመት እንዲህ ሆና አታውቅም” አሉኝ።

ማክሰኞ ጠዋት የተነፈሰ ጎማዬን ላስጠግን ጎሚስታ ቤት ስገባ በአጋጣሚ አገኘኋቸው። እትዬ መኪናው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ጋሼ የራሳቸውን ጎማዎች በዱላ እየመቱ ያዳምጣሉ። የንፋሱን ልክ በድምፁ ማወቅ የጭነት መኪና ሰዎች የቆየ ልማድ ነው።

ጎሚስታዋ ሙያውን ከአባቷ የወረሰች፣ ቴክኒክ ትምህርት ቤትም የገባች ወጣት ናት። ጋሼ የአሮጌዎቹን ዓይነት አራት ጎማ እንድታመጣላቸው አዘዟት። እሷም ዓመቱን ሙሉ ከአስፋልት የወረዱት ስንት ቀን እንደሆነ በትሕትና ጠየቀቻቸው። አንድም ቀን አልነበረም፤ ሹፌር ግን ነገ የሚገጥመውን አያውቅም ብለው ተከራከሩ።

“አባትሽ ቢኖር ይህን አይጠይቀኝም ነበር።”

“አባቴ ይህን ጎማ የሸጠልዎ ለዚያ መንገድ ነው፣ ጋሼ። መንገዱ እኮ ተቀየረ።”

“ልጄ፣ እኔ መንገዱን የማውቀው ጎማው ሲያወራኝ ነው። ዝም ያለ ጎማ ምን ይነግረኛል?”

እሷ አልሳቀችባቸውም። በኮረኮንቹ ዘመን እውነታቸውን እንደነበር አመነች። እኔም በልቤ አመሰገንኳት፤ ሰው ነፍሱን ያተረፈለትን ልማድ የሚያቃልልበትን ሰው አይሰማምና። ከዚያ ጣቶቿን አራርቃ ዘርግታ የቆርቆሮውን ጠረጴዛ መታች። “የእርስዎ ጎማ ይህ ነው። እያንዳንዱ ጥርስ አስፋልቱን በጥፊ ይመታል።” ቀጥላ ጣቶቿን ገጥማ መዳፏን በዝግታ አንከባለለች። ለአስፋልት የተሠራው ጎማ ጥርስ የተቀራረበ፣ መጠኑም የተለያየ ስለሆነ ድምፁ ባንድነት አይጮህም አለች። ልስላሴ ብቻ እንደማይበቃ ግን አልደበቀችም፤ ጎማው የሚሸከመውን ክብደት ከጎኑ አንብባ ከመኪናዋ ጋር አመሳከረች፣ በእርጥብ መንገድ ጥሩ ፍሬን የሚይዘውን መረጠች።

በመጨረሻ የአሮጌዎቹን ንፋስ ለካች። አርባ አምስት ነው። በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሚለው ሠላሳ ሦስት።

“በዱላ ስመታው ግን ደህና ይጮሃል” አሉ ጋሼ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

“የተወጠረ ከበሮም ደህና ይጮሃል። የሚቀመጥበት ሰው ግን አላየሁም።”

ጋሼ አሁንም አልተረቱም፤ ለስላሳ ጎማ የቢሮ ሰው ጎማ ነው አሉ። ልጅቷ ወደ መኪናው ዞር ብላ እትዬ ምን እንደሚሉ ጠየቀች።

“እኔ ምን እላለሁ፤ ብልስ ማን ይሰማኛል?” አሉ እትዬ በመስኮቱ። “አንድ ነገር ስናገር ‘እ?’ ይለኛል። ስደግመው ‘እ?’ ይለኛል። በሦስተኛው የጨዋታው ጣዕም ይጠፋል። ተውኩት።”

ጋሼ ዱላቸውን ጎማው ላይ አስደግፈው ወደ መስኮቱ ዞሩ። “የተቀየምሽኝ መስሎኝ ነበር።”

“የጭነት መኪናውማ ከዚህም ይብስ ነበር። ያኔ ግን የምጮህበት ጉሮሮ ነበረኝ።”

ጋሼ ወደ ልጅቷ ሳይዞሩ፣ “ያንን ዝም የሚለውን አምጪው። አራቱንም” አሉ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ከመነሳታችን በፊት ንፋሱን በመለኪያ አየን፤ ሠላሳ ሦስት። መንገድ ላይ ድምፁ ሰባ ዴሲብል ሆነ። ጋሼ መጀመሪያ ላይ፣ “ሞተሩ ጠፋ እንዴ?” ብለው ጆሯቸውን አዘነበሉ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ እትዬ የተጋቡበትን ዓመት አነሱ፤ ያኔ ድልድይ አልነበረም፣ ወንዙ ሞልቶ አንድ ቀን ሙሉ ዳር ላይ አግዷቸው ነበር። እትዬም የባላቸውን አረንጓዴ ሸሚዝ አጥበው ድንጋይ ላይ አስጥተውት ነበር።

“ያንን ሸሚዝ ነፋስ ባይወስደው እስከ ዛሬ እለብሰው ነበር” አሉ ጋሼ።

“ነፋስ አልወሰደውም” አሉ እትዬ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። “ወንዝ ውስጥ የጣልኩት እኔ ነኝ። ቀለሙ ዓይን ይወጋ ነበር።”

“እ?” አሉ ጋሼ። የአሁኑን ‘እ?’ ያሉት ግን ሰምተው ነው።

ለሚነዱበት መንገድ የተስማማ ጎማ፣ ንፋሱም በልኩ ከሆነ፣ ወገብን ከመንገጫገጭ፣ ጆሮን ከድካም ያሳርፋል፤ ይህን ማንም ጎሚስታ ይነግራችኋል። የድሮውን ጨዋታ ለመመለስ የድሮውን ጎማ መተው ሊያስፈልግ እንደሚችል ግን እኔ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ልጃቸው በር ስንደርስ የሸሚዙ ክርክር አላለቀም ነበር። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ፣ በሰዓቴ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ እዚያው ተቀምጠናል።