በመስታወቱ ላይ የቀረው ደም

በሰሜን እንግሊዝ፣ በደርሃም አውራጃ፣ በአንዲት የቀድሞ ከሰል ቆፋሪዎች መንደር፣ የሽማግሌው ከዝበርት ሄሮን ባሮ ሽንኩርቶች፣ በየዓመቱ የሚካሄደው የትልልቅ ባሮዎች ውድድር ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በቢላ ተቆራርጠው ተገኙ። የጋረዳቸው መስታወት ተሰብሯል፤ ስባሪዎቹ ላይ ደም አለ። ከዝበርት ፖሊስ እስኪመጣ አልታገሡም፤ ስባሪዎቹን በባዶ እጃቸው ሲለቅሙ አውራ ጣታቸውን ቆረጡ። ጥፋተኛው ጎረቤታቸው ላንስ ትዌድል መሆኑን ቅንጣት አልተጠራጠሩም፤ ላንስን በየዓመቱ ከእሳቸው ቀጥሎ ሁለተኛ መውጣት አንገሽግሾታል ብለው ያምኑ ነበርና። የመንደሩ ባሮ አብቃዮች ማኅበርም ዓርብ ተሰብስቦ ላንስን ሊያባርር ነው። ፖሊስ ለማመሳከሪያ ምራቃቸውን ሲጠይቃቸው ግን ከዝበርት «አልሰጥም» ብለው በራቸውን ዘጉ።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ዓሣና የድንች ጥብስ ሊገዙ ሲሰለፉ ከፊታቸው ቤታኒን አገኟት። ቤታኒ የሟች የሥራ ባልደረባቸው የልጅ ልጅ ናት፤ በሌላ ከተማ ቤተ ሙከራ ውስጥ ዲኤንኤ ትመረምራለች።

«ጋሼ ከዝበርት፣ በባሮዎቹ በጣም አዘንኩ። ምራቅዎን ግን ነፈጉ አሉ!»

«ሰባ ስድስት ዓመት ስሜ ፖሊስ ዘንድ ሳይደርስ ኖሬ፣ አሁን ከሌባ ጋር አንድ ቋት ውስጥ ልከተት? የተቆረጠው የኔ ባሮ፣ የምመረመረው እኔ! ይሄ ምን የሚሉት ሥራ ነው?»

«ቋቱ ውስጥማ አይገቡም። በብሔራዊው የዲኤንኤ መረጃ ቋት የሚቆየው በዋናነት የተፈረደባቸው ሰዎች መለያ ነው። የእርስዎ ለዚህ ጉዳይ ብቻ ተነጻጽሮ ሲያልቅ ይወገዳል።»

«ለመሆኑ ምራቅ ምን አውቆ ነው የሚናገረው?»

ድምፃቸው ለሰስ ብሎ ነበር። ከዝበርት ዕድሜ ልካቸውን ዘር ሲመርጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ ንዴታቸው ይረሳቸዋል።

«ከምርጥ ባሮዎ ራስ ላይ የሚወጣውን ቡቃያ ሲተክሉት ምን ይሆናል?» አለች ቤታኒ።

«ያው እናቲቱ ናታ!»

«ሰው እንደዚያ አይደለም። እኩሌታውን ከእናት፣ እኩሌታውን ከአባት ይወስዳል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚደርሰውም ይለያያል። እኛ ከዲኤንኤው ላይ ጥቂት ቦታዎች መርጠን እንለካለን። ቋቱ የሚያመሳክረው የልኬቱን ቁጥሮች ነው።»

«መንትዮችስ?»

«ጥሩ ጠየቁ። ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮችን የተለመደው ምርመራ አይለያቸውም።»

«አየሽ! ይሳሳታላ!»

«ወሰን አለው ይበሉ። ደሙ የማን እንደሆነ ሊጠቁም ይችላል፤ ለምን እንደፈሰሰ ግን አይናገርም። እስቲ መስታወቱ ላይ የማን ደም ይገኛል?»

«የላንስ ነዋ!»

«የእርስዎስ ጣት?»

ከዝበርት በፋሻ የተጠቀለለውን አውራ ጣታቸውን አዩት።

«ናሙናዎ ከሌለ ደምዎ ‹ያልታወቀ ሰው› ይባላል። መርማሪውም እርስዎን ፍለጋ አገር ሲያስስ ይከርማል።»

ድንች ጠባሹ ሬጂ ከባንኮኒው ወዲያ ከት ብሎ ሳቀ። «ከዝበርት ከዝበርትን ሲያሳድድ! ላንስ እኮ ገና ሲጠየቅ ነው የሰጠው። ‹ሰው ሠራሽ ጥርሴንም ላውልቅላችሁ?› ብሏቸዋል አሉ።»

«ሰጠ?»

«ሰጠ። ድንቹ ላይ ኮምጣጤ ላድርግበት?»

ከዝበርት ወደ ቤታኒ ዞሩ። «ጥፋተኛ ከሆነ በዚህ ይጋለጣል። ካልሆነስ?»

«ካልሆነ ጥርጣሬው ይነሳለታል። ግን ዓርብ ካባረራችሁት በኋላ ቢነሳለት ምን ይፈይድለታል?»

ከዝበርት ዓሣቸውን እንደያዙ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው አፋቸውን ከፈቱ፤ ጉንጫቸው በጥጥ ተጠረገ። ዓርብ ደግሞ በማኅበሩ ፊት ቆመው «ውጤቱ እስኪመጣ ማንንም አናባርርም» አሉ። ክሱን ያቀረቡት ራሳቸው ስለነበሩ የተቃወመ አልነበረም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ። በአንደኛው ስባሪ ላይ ያለው ደም የከዝበርት ነበር። የሌላኛው ግን ከስድስት ዓመት በፊት በስርቆት ተፈርዶበት ቋቱ ውስጥ ከገባ የጎረቤት ከተማ ተወዳዳሪ ጋር ገጠመ። መርማሪዎቹ በዚህ ብቻ አልረኩም፤ ቢላውን ከመኪናው ውስጥ አገኙ፤ ሰውየውም አመነ። ቋቱ ባይኖር ማንም የማይጠረጥረው ሰው ባልተገኘ ነበር። ከዝበርት ናሙና ባይሰጡ ደግሞ አንዱ ደም ያለ ባለቤት ቀርቶ መርማሪዎቹ የሌለ ሁለተኛ ጥፋተኛ ሲፈልጉ በከረሙ ነበር።

ከዝበርት የላንስን በር አንኳኩ። «ጠርጥሬህ ነበር።»

«መንደሩ ሁሉ ነግሮኛል» አለ ላንስ። «ለቅዳሜው ውድድር ባሮ የለህም መቼም፤ መጥተህ የኔን ለካልኝ።»

ጉዳዩ እንዳለቀ የሁለቱም ናሙና ተወገደ። ቅዳሜ ዕለት ከዝበርት ሁለት ጊዜ የለኳቸው የላንስ ጥንድ ባሮዎች መቶ ሠላሳ አንድ ኪዩቢክ ኢንች ሆነው አንደኛ ወጡ።