መቀርቀሪያው እስኪነሳ

ወዳጅ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ ዛሬ የምንሰናበታቸው፣ ብዙዎቻችሁ «እትዬ ይቆዩ» እያላችሁ የምትጠሯቸው ታላቅ እህት፣ የሕይወት ታሪካቸው በቀንና በሰዓት ተቆጥሮ ቢነበብ ደስ የሚላቸው ሰው አልነበሩም፤ በቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰዓት ተሰቅሎ አያውቅምና። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የሚያነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ታሪካቸውን በሚያውቀው መንገድ፣ በብስኩታቸው በኩል አዘጋጅቶታልና በትዕግሥት እንድትሰሙት በአክብሮት ይጠይቃል።

እትዬ ይቆዩ ከዛሬ ሰባ አንድ ዓመት በፊት ከፖስታ አዳይ አባታቸውና ከቤት እመቤት እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው፣ አንድ ክፍልና አንዲት ጠባብ ማድ ቤት ባላት ቤት ተወለዱ። እናታቸው ከአያታቸው የተቀበሉት የብስኩት አሠራር ነበራቸው፤ ዱቄቱ በእፍኝ፣ ቅቤው በአውራ ጣት፣ የብርቱካን ልጣጩ ደግሞ በአፍንጫ የሚለካ ሲሆን፣ ሊጡ በጨርቅ ተሸፍኖ የሚያርፍበት ጊዜ ግን የሚለካው በአባታቸው ነበር። አባታቸው ከሥራ ተመልሰው የበሩን መቀርቀሪያ ሲያነሱ ሊጡ ይገለጣል፣ በጠርሙስ ይዳመጣል፣ በሻይ ብርጭቆ አፍ ክብ ክብ እየተደረገ ተቆርጦ ወደ እሳት ይገባል። አባታቸው መንገድ ላይ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ወሬ የያዙ ቀን ሊጡ ከልኩ በላይ ስለሚያርፍ፣ እናታቸው ገና አንዱን ብስኩት እንደቀመሱ የዕለቱ ወሬ ምን እንደነበር ይጠይቋቸው ነበር።

እትዬ ይቆዩ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው አባታቸው በአጭር ሕመም አረፉ። ከሐዘኑ በኋላ እናታቸው እጃቸው ለምዶ አንድ ቀን ሊጥ አቡክተው ሸፈኑ፤ መቀርቀሪያውን የሚያነሳ ግን አልመጣም፤ ሊጡም ደርቆ ተሰነጣጥቆ ተደፋ። ከዚያ ወዲያ ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ብስኩት አልተጋገረም፤ እናታቸውም ስለዚህ ነገር የሚያነሳባቸውን ሰው አይወዱም ነበር።

በዓመቱ እትዬ ይቆዩ እናታቸውን ለምነው፣ ለምነው፣ ሊጡን አስቦክተው ካስሸፈኑ በኋላ ምንም ሳይናገሩ ወጡ። ፖስታ ቤቱ በር ድረስ ሄደው፣ ከዚያ የአባታቸውን ቀስ ያለ አረማመድ እየተራመዱ ተመለሱ፤ ፀጉር አስተካካዩ ደጃፍ ሲደርሱ እንኳ ቆም ብለው ጤናውን ጠይቀው፣ በመጨረሻ የበሩን መቀርቀሪያ ድምፅ እያሰሙ አነሱ። እናታቸው ዓይናቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠርገው ተነሡና እሳቱን ለኮሱ። ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ የነበረው ይህ አንባቢ ወንድማቸው በዚያው ሰዓት ከጨርቁ ሥር ጥሬ ሊጥ እየሰረቀ ይበላ እንደነበር፣ እርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ያወሩበትን ነገር፣ ዛሬ በአደባባይ ያምናል።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት ከፈጸሙ በኋላ በስልክ መሥሪያ ቤት በኦፕሬተርነት ተቀጥረው ሠላሳ አንድ ዓመት አገለገሉ። ከአንድ ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው የሰውን ሁሉ ደስታና መርዶ ሲያገናኙ፣ ደዋዩ ቢቆጣም ቢሳደብም ከአፋቸው የማትጠፋው ቃል «እባክዎ ይቆዩ» ነበረችና ስማቸው ሆና ቀረች።

ትዳራቸውንም የመሠረቱት፣ እንደ ዕጣ ሆኖባቸው፣ መቼ እንደሚገባ ከማይታወቅ ሰው፣ ከረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ጋር ነው። ጎማ በፈነዳ፣ ድልድይ በተሰበረ ቁጥር ሊጡ እየቆየ፣ አንዳንዴ ሁለት ቀን እያደረ፣ ባለቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ ሚስቴ የምትናፍቀው እኔን ሳይሆን ከሊጧ የሚገላግላትን ሰው ነው እያሉ ሲቀልዱ እርሳቸው ሳቃቸውን መያዝ ያቅታቸው ነበር። በዚህ ደስ የሚል ትዳር አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተው፣ ባለቤታቸው ከዛሬ ዘጠኝ ዓመት በፊት እስኪያርፉ ድረስ አብረው ኖረዋል።

ወንዱ ልጃቸው እጁ እናቱን የወጣ ነበርና በሌላ ከተማ ብስኩት ቤት ከፈተ። እናቱን በክብር በጠራበት የምረቃ ቀን፣ ሊጡ በማሽን ተቦክቶ፣ ደወል እየተደወለለት አርባ ደቂቃ አርፎ የተጋገረውን ብስኩት ቀመሱና፣ በእንግዶች ፊት፣ ጥሩ ነው፣ ግን ማንንም አልጠበቀም አሉ። እንግዶቹ ሳቁ፤ ልጁ ግን አልሳቀም፤ እናቴ በሰው ፊት አዋረደችኝ ብሎ አኮረፈ። እርሳቸውም ምላሴን በቆረጠው እያሉ ለዚህ ወንድማቸው ስንት ጊዜ እንዳለቀሱለት እርሱ ያውቃል፤ ደውይለት ሲላቸው ግን ልጅ ነው የሚደውለው ይላሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰውን ከሰው ሲያገናኙ የኖሩ እናት ለገዛ ልጃቸው አንዲት ቁጥር መምታት አቅቷቸው ስድስት ዓመት አለፈ። ግትርነት በዚህ ቤተሰብ ከብስኩቱ ጋር አብሮ የወረደ ስለሆነ በእርሳቸው ብቻ የሚፈረድ አይደለም።

የልብ ሕመም ከጸናባቸው ወራት በኋላ፣ ባለፈው ሰኞ፣ እትዬ ይቆዩ የማድ ቤቱን ጠረጴዛ አልጋቸው አጠገብ አስቀረቡ። ማሸት ስላቃታቸው ሴት ልጃቸው አሸችላቸው፤ እርሳቸው በአንድ ጣታቸው ጫን እያሉ፣ ትንሽ ቅቤ፣ አሁን በቃ እያሉ አስጨረሱና በእርጥብ ጨርቅ አስሸፍነው ፍሪጅ አስገቡት። ልጃቸው ማን እስኪመጣ ነው ብላ ብትጠይቃቸው፣ ወንድምሽ እስኪመጣ አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እርስዋም ወንድሟ ዘንድ ደውላ፣ ሊጥ ተሸፍኖልሃል ከማለት በቀር አንዳች አልጨመረችም፤ እርሱም የእናቱን ቤት ደንብ ያውቃልና ሱቁን እንኳ በወጉ ሳይዘጋ ተነሣ።

መንገዱ ሁለት ቀን ነው። እትዬ ይቆዩ በየአፍታው መቀርቀሪያው ተነሥቶ እንደሆነ እየጠየቁ ረቡዕ ጠዋት አረፉ፤ ልጃቸው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደረሰና መቀርቀሪያውን አነሣ። ማድ ቤት ገብቶ ፍሪጁን ሲከፍት፣ ከጨርቁ ሥር ሊጡ ለስልሶ፣ ሳይሰነጠቅ አገኘውና ያቺን ጨርቅ ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ዛሬ ጠዋት፣ የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ኪሱ ከትቶ፣ በጠርሙስ ዳምጦ፣ በእናቱ የሻይ ብርጭቆ ቆርጦ ጋገረው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ጠንከር ብሏል፤ ነገር ግን ይህኛው ጠብቋል። ስትወጡ በር ላይ አንድ አንድ ታነሡ ዘንድ እርሱና እህቱ ይጠይቃሉ።

እትዬ ይቆዩ ከኋላቸው ሁለት ልጆች፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ አንድ ሊጥ ሌባ ወንድምና እናንተን ወዳጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለቀረነው ሁሉ፣ በተለይም ግማሽ ቀን ለዘገየው ልጃቸው፣ መጽናናትን ይስጥ። ቀድመዋቸው የሄዱትን አባታቸውንና ባለቤታቸውን እትዬ ይቆዩ ዕድሜ ልካቸውን ደጅ ደጁን እያዩ ጠብቀዋቸዋልና፣ ዛሬ መቀርቀሪያውን የሚያነሱት እርሳቸው ናቸው፤ የጠበቋቸውም እነርሱ ናቸው።